በሐይቅ ዳር የተሠራው የወረቀት ጄት

ከሥራ ደክማችሁ ስትመለሱ ልጆቻችሁ ካርቶን ቈራርጠው፣ የደብተር ወረቀት ቀደው፣ ወለሉን በሙጫ አጨማልቀው ያገኛችኋቸው ቀን ስንት ነው? አብዛኞቻችን በዚያን ጊዜ የምንለው አንድ ነው፤ «ይህን ቈሻሻ ጠርጋችሁ አውጡልኝ!» ዛሬ በዚህ አምድ የምናወጋችሁ እንዲህ ካለው ጥራጊ ስለ ወጣ አንድ ትልቅ ሥራ ነው። ሥራው የወረቀት ጄት አይሮፕላን ነው፤ የተሠራውም በደቡብ ወሎ፣ በሐይቅ ከተማ ነው። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ66 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 1 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። የሠራችው አንዲት የ12 ዓመት ልጃገረድ ናት፤ ረዳቷ ደግሞ አያቷ ናቸው።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሐይቅ ለሚሄድ መንገደኛ ጉዞው ራሱ ብዙ ያሳያል። ደብረ ብርሃንን አልፎ ከጣርማ በር ቍልቍል ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ ብርዱ ወደ ኋላ ይቀራል። ሸዋ ሮቢትን፣ አጣዬንና ከሚሴን አቋርጦ ኮምቦልቻ ሲደርስ ሙቀቱ ያስታውቃል። ከዚያ በጠመዝማዛው ዳገት ወደ ደሴ ሲወጣ ብርዱ እንደገና ይቀበለዋል። ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከደሴም ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዙ ከተራሮች መካከል ውኃው ብልጭ ይላል፤ ሐይቅ ደረሱ ማለት ነው።

ከተማይቱ ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ውኃ ነው። ሐይቁ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው፣ ጥልቀቱ በአንዳንድ ስፍራ ከ80 ሜትር ይበልጣል። ወደ ውኃው ዘልቆ በገባው መሬት ላይ በ13ኛው መቶ ዓመት በአቡነ ኢየሱስ ሞዐ የታወቀው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። ሴቶች ወደ ገዳሙ ስለማይገቡ እኔም እንደ ሌሎች እኅቶቼ ከውጭ ሆኜ ተመልክቼ ተመልሻለሁ። ይሁን እንጂ ገዳሙ በብራና መጻሕፍቱ የታወቀ መሆኑን የማያውቅ የአካባቢው ሰው የለም። ብራና የሚያዘጋጅ ሰው ቆዳውን ወጥሮ ይፍቃል፤ ከዚያም ቀለም ከመንከሩ በፊት በወስፌ እየነጠበ መስመሩን ያሰምራል። ልክ ሳይወጣለት የሚጻፍ ገጽ የለም። የልጅቱም አይሮፕላን የተጀመረው እንዲሁ ልክ በማውጣት ነው።

ነገር ግን ስለ ሥራው ከመናገራችን በፊት በዚህ አገር አይሮፕላን ምን ማለት እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ከሐይቅ፣ ከአምባሰልና ከአካባቢው ብዙ ወጣት ሴቶች ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዐረብ አገር ይሄዳሉ። በብዙ ቤት ልጆችን የሚያሳድጉት አያቶች ናቸው። ስለዚህ በሐይቅ አንድ ልጅ አይሮፕላን በሰማይ ሲያልፍ አንጋጦ ሲመለከት፣ የሚያስበው ስለ ክንፉና ስለ ሞተሩ ላይሆን ይችላል። የዚች ልጅ እናት የሄደችው ልጅቱ ገና የ5 ዓመት ሕፃን ሳለች ነው። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ የሚገናኙት በስልክ ነው።

አያትዮዋን «እማማ፣ ልጅቱ ይህን ሥራ ስትጀምር ምን አሏት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ቡና እየቈሉ ነበርና ምጣዱን ከእሳት አውርደው መለሱልኝ። «ምን እላታለሁ ልጄ! ተቈጣኋት እንጂ። ልጄን ይዞብኝ የሄደውን ነገር ደግሞ በቤቴ ልስቀለው ወይ? አልኳት» አሉኝ።

እርግጥ ነው፣ በወሎ ሽማግሌዎች ዘንድ የአይሮፕላን ነገር ከዚህም የቆየ ትዝታ አለው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሽስት ኢጣሊያ አይሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደብድበዋል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ደግሞ የብዙ አገሮች አይሮፕላኖች ለተራበው የሰሜን ሕዝብ እህል አመላልሰዋል። አንዱ ትውልድ ድምፁን ሲሰማ ወደ ዋሻ ሮጠ፤ ሌላው ትውልድ ወደ ሜዳ ወጣ። የዛሬዎቹ ልጆች ደግሞ እናታቸውን የሸኙበት ነገር ሆኖባቸዋል። በዚያው በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ኢትዮጵያውያን ከጀርመናዊው መሐንዲስ ከሉድቪግ ቬበር ጋር ሆነው «ፀሐይ» የተባለች ትንሽ አይሮፕላን ሠርተው እንደ ነበር ግን ለልጆቻችን የምንነግራቸው ጥቂቶች ነን። ወራሪው ወደ ኢጣሊያ የወሰዳት ይህች አይሮፕላን ወደ አገሯ የተመለሰችው ከ80 ዓመታት በላይ ቆይታ በጥር 2016 ዓ.ም. ነው።

ልጅቱ ለመሥራት የመረጠችው ግን ጄቱን ነው። የሳይንስ መምህሯ በክፍል ውስጥ የኢትዮጵያ አየር መንገድን የመጀመሪያ ጄት ሥዕል አሳይተዋቸው ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ በረራ ሲጀምር ያሰማራቸው አይሮፕላኖች ባለ ሁለት ፕሮፔለር ነበሩ። በ1955 ዓ.ም. ግን ቦይንግ 720 የተባሉ ባለ አራት ሞተር ጄቶችን አስመጣ። የልደታው አሮጌ ማረፊያ ለእነዚህ ጄቶች ስለማይበቃ የቦሌው አይሮፕላን ማረፊያ ተሠራ። ዛሬ ቦሌ ስንል የምናስበው ሰፈር ሁሉ ከጄቱ መምጣት ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው ማለት ነው።

እውነተኛው ቦይንግ 720 ርዝመቱ 41 ሜትር ተኩል ያህል፣ የክንፎቹ ስፋት ደግሞ 40 ሜትር ያህል ነው። ልጅቱና መምህሯ እያንዳንዱን ልክ ለ25 አካፈሉት። የሰውነቱ ጐን 3 ሜትር ከ76 ሳንቲ ሜትር ስለ ሆነ፣ ለ25 ሲካፈል 15 ሳንቲ ሜትር ወጣ። እውነተኛው ከላይ ወደ ታች ጥቂት ሞላላ ነው፤ ለእጅ እንዲመች ግን ክብ አደረጉት። 15 ሳንቲ ሜትር ጐን ያለው ክብ ዙሪያው 47 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ለመጣበቂያ 1 ሳንቲ ሜትር ሲጨመርበት 48 ይሆናል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቀለበት 48 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን ተቈረጠ። 16 ቀለበትና 6 ሳንቲ ሜትር አፍንጫ ሲደመሩ የአይሮፕላኑ ርዝመት ሞላ። ይህን ሒሳብ በክፍል ውስጥ ጠልታው የነበረችው ልጅ እቤቷ ወለል ላይ ተደፍታ ሠራችው።

ካርቶኑ ከሱቅ ደጅ የተለቀመ የሳሙናና የብስኩት ካርቶን ነው። ፊቱ ነጭ፣ ጀርባው ቡናማ የሆነው ቀጭኑ ካርቶን ለቀለበቱና ለክንፉ ቆዳ ዋለ። ወፍራሙ ካርቶን ደግሞ በክብ እየተቈረጠ በየቀለበቱ ውስጥ ገባ፤ ይህ ከሌለ ቱቦው በእጅ ሲያዝ ይጨፈለቃል። ለክንፎቹ አጥንት የሚሆን መቃ ከውኃው ዳር መጣ። የሞተሮቹ ቱቦዎች በሶፍት ውስጥ የሚገኙት ጥቅል ካርቶኖች ናቸው። ከገንዘብ የወጣው ለቀለምና ለጥቂት ነጭ ወረቀት ብቻ ነበር።

ሙጫው የስንዴ ዱቄት ነው። አንድ እጅ ዱቄት በአራት እጅ ውኃ በጥብጦ፣ እንዳይጓጕል እያማሰሉ በዝግታ እሳት ማፍላት ነው። ሙጫው ሲበዛ ወረቀቱ ይርሳል፤ ሲደርቅም ይጣመማል። ስለዚህ በጣት ሳይሆን በብሩሽ ስስ አድርጎ መቀባት፣ ከዚያም በጥላ ውስጥ ክብደት ጭኖ ማድረቅ ያስፈልጋል። ካደረ ይሻግታልና ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ መሥራት ይገባል። ወፍራሙን ካርቶን በምላጭ የሚቈርጠው ሁልጊዜ ትልቅ ሰው መሆን አለበት። አያትዮዋ የተቈጡት ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው፤ በሦስተኛው ሳምንት ሙጫውን የሚያፈሉት እሳቸው ነበሩ። «ስታቃጥለው አየኋት፤ ዱቄቱ አሳዘነኝ» ነው ያሉኝ።

አንድ ነገር ግን አልሆን አለ፤ የአፍንጫውና የጅራቱ ጫፍ። ካርቶን ተጠቅሎ ቱቦ ይሆናል፤ እየጠበበ ሄዶ እንዲሾል ሲፈለግ ግን ይጨማደዳል። ለዚህ መፍትሔ የተገኘው በአምባሰል ነው።

ከሐይቅ ወደ ሰሜን የሚወስደውን ዋናውን መንገድ ይዛችሁ ስትሄዱ ወደ ውጫሌ ትደርሳላችሁ። የአምባሰል ተራሮች ከዚህ ወዲያ አፋፋቸው እንደ ግንብ ቆሞ ይታያል። አምባሰል ማሩ የታወቀ ነው፤ ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን አንዱም በስሙ ይጠራል። የግሸን ማርያም አምባም የሚገኘው በዚሁ ወረዳ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል የተፈረመው ደግሞ በዚሁ አገር፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ ነው። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲጻጻፉ በኢጣሊያ መንግሥት መጠቀም «ይቻላቸዋል» ሲል፣ በኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። የዚያ የአንድ ቃል ልዩነት በ1888 ዓ.ም. እስከ ዐድዋ አደረሰ። ልክ ሲሳሳት ጥቂት የሚመስለው ነገር ወደ ኋላ ምን እንደሚሆን ለማስረዳት የውጫሌ መምህራን ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም።

አያትዮዋ የተወለዱት በአምባሰል ነው፤ እኅታቸውም እስከ ዛሬ ውጫሌ አጠገብ መሶብና ሰፌድ እየሰፉ ይኖራሉ። ልጅቱ ያልሆነላትን አፍንጫ ይዛ ወደ እሳቸው ሄዳ ነበርና እኔም ተከትዬ ጠየቅኋቸው። ወይዘሮዋ የመሶብ ክዳን እየሰፉ ነበር። «ክዳን የሚሾለው በአንድ ጊዜ አይደለም። በየዙሩ ትንሽ ትንሽ ትቀንሺለታለሽ። ካቻኮልሽው ይጨማደዳል» አሉኝ። ልጅቱም ይህንኑ ሰምታ አፍንጫውን በአንድ ቁራጭ ከመጠቅለል ይልቅ፣ ጣት በማይሞሉ ጠባብ ቀለበቶች ከፋፈለችው። እያንዳንዱ ቀለበት ከቀደመው በመጠኑ ጠበብ ይላል፤ ጠርዙም በመቀስ ጥርስ ጥርስ ወጥቶለት ወደ ውስጥ ይታጠፋል። በትልልቅ ፋብሪካ የሚሠሩ መሐንዲሶችም የአይሮፕላን ቆዳ ከጠፍጣፋ ብረት እየቈረጡ የሚያጐብጡት በዚህ ዓይነት ስሌት መሆኑን ለወይዘሮዋ ብነግራቸው፣ «እንግዲያ እነሱም ሰፌድ ያውቃሉ» ብለው ሳቁ።

ውድ እናቶች፤ ነገሩ ሁሉ እንዲህ በቀና አልሄደም። አይሮፕላኑ የታሰበው የልጅቱ እናት ውሏ አልቆ በመስከረም ስትመጣ እንዲደርስ ነበር። ሰውነቱ ቆሞ፣ አንዱ ክንፍ ገብቶ ሳለ አንድ ዓርብ ማታ ስልክ ተደወለ። እናትዮዋ ውሏን ለሁለት ዓመት ማደሷን ተናገረች። የቤት ኪራይ አለ፣ የትምህርት ቤት ወጪ አለ፤ ምክንያቷን ሁላችንም እናውቀዋለን። ልጅቱ አላለቀሰችም። አይሮፕላኑን ግን ከነአንድ ክንፉ ከአልጋ ሥር አስገባችው፤ አንድ ወር ሙሉም አልነካችውም። አያትዮዋ «አብሽሪ የኔ እናት» ቢሏትም መልስ አልሰጠችም።

በመጨረሻ አይሮፕላኑን ከአልጋ ሥር ያወጡት አያትዮዋ ናቸው። ልጅቱ ትምህርት ቤት በሄደችበት ቀን በክንፉ ልክ ላይ ካርቶን አንጥፈው ሁለተኛውን ክንፍ ቈረጡት። ከተቈረጠ በኋላ ሲያዩት ግን ሁለቱም የቀኝ ክንፍ ሆኑ። ልብስ የምትሰፉ እኅቶች ነገሩ ይገባችኋል፤ እጅጌ ሲቈረጥ አንደኛው ልክ ካልተገለበጠ ሁለት የቀኝ እጅጌ ይወጣል። የካርቶኑ አንድ ፊት ብቻ ነጭ ስለ ሆነ፣ ክንፉ ተገልብጦ ቢገጠም ቡናማው ወደ ላይ ይሆናል። ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አያቷ በካርቶን ተከበው፣ ሁለቱን ቀኝ ክንፎች ይዘው ደረሰች። ያን ቀን ከወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ቡናማውን ፊት በነጭ ወረቀት ለበዱትና ክንፉ ገባ። ዛሬም ቀርቦ የተመለከተ ሰው ግራው ክንፍ ከቀኙ ትንሽ ወፈር ማለቱን ያስተውላል።

ከዚያ በኋላ ሥራው ፈጠነ። ክንፎቹ ወደ ኋላ 35 ዲግሪ ያህል ያዘነበሉ ናቸው፤ ጄት በፍጥነት ሲበር አየሩን በቀላሉ እንዲያልፍ ይህ ዝንባሌ ይረዳዋል። ከፊት ሁለት፣ ከመካከል በግራና በቀኝ አራት አራት፣ በድምሩ 10 ጐማ ተሠራለት። በጐማው ሲቆም ግን ጅራቱ ከብዶ ወደ ኋላ ወደቀ። ከሐይቁ ዳር የመጡ ጥቂት ጠጠሮች በአፍንጫው ውስጥ ገብተው ሚዛኑ ተስተካከለ። ጅራቱም አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ተቀባ።

ልጆች «ፕሮፔለር ሳይኖረው እንዴት ይሄዳል?» ብለው ቢጠይቋችሁ፣ የአንጥረኛን ወናፍ አስታውሷቸው። ወናፍ አየሩን ከኋላ ስቦ ጨምቆ በአፉ ወደ እሳቱ ይተፋል። የጄት ሞተርም አየሩን ከፊት ይስባል፣ ይጨምቃል፣ በነዳጅ ያነደዋል፤ የጋለው አየር በታላቅ ኃይል ወደ ኋላ ሲወጣ አይሮፕላኑ ወደ ፊት ይገፋል። ተነፍቶ አፉ ሳይታሰር የተለቀቀ ፊኛ በክፍሉ ውስጥ የሚሮጠው በዚሁ ምክንያት ነው።

ወረቀትና አይሮፕላን ያገናኙ ሌሎችም በዓለም ላይ አሉ። በፖላንድ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ «ማዊ ሞዴላሽ» የተባለ መጽሔት ተቈርጠው የሚጣበቁ የወረቀት አይሮፕላኖችንና መርከቦችን ለልጆች ሲያሳትም ኖሯል። ሉካ ያኮኒ ስቱዋርት የተባለ አሜሪካዊም እ.ኤ.አ. በ2008 ጀምሮ ቦይንግ 777ን በ60ኛ እጅ ልክ፣ በቢሮ ከምናውቀው የፋይል ማኅደር ወረቀት ሠርቷል። ወንበሮቹና የሚታጠፉት እግሮቹ ሳይቀሩ ከወረቀት ስለ ሆኑ ሥራው ዓመታት ፈጅቶበታል። የሐይቋ ልጅ የፈጀችው አምስት ወር ነው።

ሥራው ሲያልቅ ፎቶግራፉ በስልክ ለእናቷ ተላከ። እናትዮዋም በማግሥቱ ደውላ፣ «እኔ ስመጣ ራሴ እሰቅለዋለሁ፤ እስከዚያ በጨርቅ ሸፍናችሁ አስቀምጡልኝ» አለች። አያትዮዋ ይህን ለመፈጸም ነጠላ ሲያወጡ ልጅቱ ከለከለቻቸው። «ሁለት ዓመት ከተሸፈነ አይጥ ይበላዋል። ዛሬ እንስቀለውና ስትመጣ አውርዳ ትየው» አለች። በዚያው ቀን ከጣራው ማገር ላይ በሲባጎ ተሰቀለ። እናትዮዋ ቅር ብሏት እንደ ሆነ ጠየቅሁ። «መጀመሪያ ዝም አለች፤ በኋላ ግን ከሥር ቆማችሁ ተነሥታችሁ ላኩልኝ አለች» አሉኝ አያትዮዋ።

ከዚያ ወዲህ የአያትዮዋ ሥጋት ሌላ ነው። ልጅቱ እንደ እናቷ አይሮፕላን ተሳፍራ እንዳትሄድባቸው ይፈራሉ። ልጅቱን ስጠይቃት ግን፣ «እኔ የምፈልገው ሲበላሽ የሚጠግኑት የት እንደሚማሩ ማወቅ ነው» አለችኝ። በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪዎችንና የጥገና ባለሙያዎችን የሚያሠለጥንበት ተቋም እንዳለው፣ በዚያም ሴቶች እንደሚማሩ ነገርኳት። ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በ2003 ዓ.ም. የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን መሆናቸውን፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ ባንኮክ የተደረገ በረራ በሴቶች ብቻ መመራቱን አወጋኋቸው። አያትዮዋ ፍንጃሉን ይዘው ሲያዳምጡ ቆዩና፣ «እንዲህ ከሆነስ ሄዳ ትመለሳለቻ!» አሉ።

እናንተም በቤታችሁ ለመሞከር ብትፈልጉ ልኩን በግማሽ ብታሳንሱት ይመረጣል። ልኩን ለ50 አካፍሉት፤ ርዝመቱ 83፣ የክንፉ ስፋት 80 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ቱቦውን ለመጠቅለል 25 ሳንቲ ሜትር ወረቀት ይበቃችኋል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቻ ቢሠራ በአንድ ክረምት ያልቃል። አባትየውንም መቀስ አስይዙት። ሁለተኛውን ክንፍ ከመቍረጣችሁ በፊት ግን ልኩን መገልበጥ አትርሱ።